ጧፍ በጀልባዋ አንገት

ባለፈው ሰሞን ቡሬ፣ ከቅዳሴ ስወጣ ነው። የያዝኩትን ጧፍ እፍ ብዬ አጥፍቼ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ልቋጥረው ስል፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው ወፍጮ ቤት ሞተሩን አስነሣ። ጥቁር የናፍጣ ጭስ በአጥሩ ላይ ተንዶ መጣብኝ። የጠፋ ጧፍ ሽታና ናፍጣ ባንድ ላይ አፍንጫዬ ሲገቡ እግሬ ከመሬት ተጣበቀ። ልጄ ክንዴን ይዛ፣ "ምነው እማዬ፣ ዞረብሽ እንዴ?" አለችኝ።

"ዝም በይ፣ ላሽት" አልኳት።

ይህች አሮጊት ዛሬስ ለየላት ብላ ይሆናል፤ ትበል። እኔ በዚያች ደቂቃ ቡሬ አልነበርኩም። አባይ ዳር፣ በጣሊያን ዘመን፣ በሰኔ ወር፣ የጋለ ብረትና የሚቀልጥ ሰም እያሸተትኩ፣ አባቴን ይሰቅሉብኝ ይሆን እያልኩ የምንቀጠቀጥ ልጅ ነበርኩ።

አገራችን ከቡሬ ቁልቁል ተወርዶ፣ ነጋዴ ወደ ወለጋ የሚሻገርበት ቆላ ነው። እናቴን ወባ ወስዷት፣ እኔን ያሳደጉኝ የአባቴ ታላቅ እህት እማሆይ ወለተ ማርያም ናቸው። አባቴ ይግዛው አሻጋሪ ነበር። የፍየል ስልቻ ነፍቶ፣ አፉን በጠፍር ጠርቆ፣ ተሻጋሪውን በላዩ አስተኝቶ እየዋኘ ይገፋል። ጨው ነጋዴ በሉት፣ ቄስ በሉት፣ ሙሽራ በሉት፣ ምኑ ቅጡ! አንድም ሰው ውሃ አልወሰደበትም። ሰው ከመጫኑ በፊት ስልቻውን ውሃ ውስጥ ደፍቆ ጆሮውን ይደግንበታል። ትንሽ እንኳ ከተነፈሰች፣ አንዲት ጠብታ እንኳ ካስገባች፣ "ይች ሰው ትበላለች" ብሎ ይጥላታል። ይህ ልማድ እቤትም አይለቀውም ነበር። ጣሪያችን ሲያፈስ ዝናቡ እስኪያባራ አይጠብቅም፤ በውርጅብኙ መሐል ሣር ታቅፎ ይወጣል። እማሆይ ከታች ሆነው፣ "አንተ ሰው፣ መብረቅ ይጣልህ እንዴ፣ ውረድ!" እያሉ ይጮኻሉ፤ እሱ ግን ቀዳዳዋን ሳይደፍን አይወርድም።

ጣሊያን ሲመጣ እነዚያን ስልቻዎች ባንድ ጠዋት በሳንጃ ዘነጣጠላቸው። አርበኛ እንዳያሻግርባቸው ነው። አባቴ ዳር ቆሞ ስልቻዎቹ እየተነፈሱ ሲሟሽሹ አየ። ከዚያ የጣሊያን የሞተር ጀልባ መጣች። ፈታተው በካሚዮን እስከ መንገዱ ጫፍ፣ ከዚያ በኋላ በበቅሎና በሰው ጫንቃ ነው ያወረዷት። አባቴንም ወንዙን ያውቃል ብለው ረዳት አደረጉት። ወደደም ጠላም።

ከጀልባዋ ጋር ተስፋይ የሚባል መካኒክ መጣ። የምጽዋ ሰው ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ባሕር ላይ ሞተር ሲጠብቅ የኖረ። ቀጭን፣ ወባ የማይለቀው፣ ሲስቅ ትከሻው ብቻ የሚስቅ ሰው ነበር። እኔን "ጓለይ" ይለኝ ነበር፤ ባገሩ ልጄ ማለቱ ነው። አማርኛው ጉሮሮው ውስጥ ተንኳኩቶ ነው የሚወጣው፤ እኔና ጓደኞቼ ሲናገር ለመስማት ብቻ እንከተለው ነበር።

ጀልባዋ መጀመሪያ የሄደች ዕለት አገሩ ሁሉ ወንዝ ዳር ወጣ። ሞተሩ ሲነሣ ውሾቹ ወደ ቆጥቋጦው ነጎዱ። ጀልባዋ ወደ ወንዙ መሐል ወጣች። ሰዉ ዝም ብሎ አየ። ወደፊት መሄድማ በቅሎም ወደፊት ትሄዳለች፤ ምን ይደንቃል? ከዚያ ተስፋይ አጠገቡ ያለውን የብረት ዘንግ ያዘ። የሞተሩ ድምፅ ዝግ አለ። ትንሽ ቆየ። ዘንጉን ሳበ። ጀልባዋ ፊቷን ሳታዞር፣ እንደዚያው እያየችን፣ ወደ ኋላ ሄደች!

እግዚኦ! የሰዉ አፍ ተከፍቶ ቀረ። ሴቶቹ እልል ሊሉ አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ የጣሊያን መሆኗ ትዝ ብሏቸው እልልታውን ዋጡት። አንድ ሽማግሌ ካባቸውን ጥለው ተንበረከኩ። እኔ ግን ያየሁት ጀልባዋን አልነበረም። ከጀልባዋ ሥር ውሃው እየተገለበጠ ሽቅብ ሲሮጥ አየሁ። ታዲያ ምን አልኩ መሰላችሁ? ይህ ሰው በዚያች ዘንግ አባይን መለሰው አልኩ። አባይን! ቁርጥ አድርጌ ነው ያመንኩት። ሮጬ ከመታጠፊያው ወዲያ ሄድኩና ሣር ጣልኩበት። ሣሩ ቁልቁል ሄደ። "ወየው፣ ቶሎ መልሶ ለቆታል" አልኩና እየተንቀጠቀጥኩ ተመለስኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተስፋይን ባየሁት ቁጥር እጁን ነበር የማየው።

ዘንጓን ሲስብ አንድ የማይዘላት ነገር ነበረችው። ከወደፊቱ ወደ ኋላው በቀጥታ አይወስዳትም። መሐል ላይ ያቆማታል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ ነው የሚስባት። አባቴ ልሞክር ሲለው እጁን ይዞ አስተማረው።

"ሲሮጥ የነበረን ብረት ድንገት ተመለስ አትበለው፤ ጥርሱ ይረግፋል። መሐል፣ ባዶው ላይ አቁመህ ትንፋሹን ይሰብስብ። ውሃው ቢገፋህ፣ ሰው ቢጮህብህ፣ ጠብቅ። ከዚያ መልሰው።"

እኔ ዳር ሆኜ የሚጸልየው እዚያ ላይ ነው አልኩ። አባይን ያህል ነገር ያለ ጸሎት ማን ይመልሳል!

ጀልባዋ ውስጥ፣ ከሞተሩ ተነሥቶ ከወለሉ ሥር የሚሄድ ረጅም ወፍራም ብረት አለ። የጀልባዋን ሆድ ቀዶ ወደ ውሃው ይወጣና ጫፉ ላይ ኤሊካው ይሽከረከራል፤ ኤሊካ የሚሉት ውሃውን እየገፋ ጀልባዋን የሚያስኬደውን ባለ ቅጠል ብረት ነው። ብረቱ የሚወጣበትን ቀዳዳ ተስፋይ "አንገት" ይለዋል። አባቴ መጀመሪያ ያያት ዕለት ፊቱ ዐመድ መሰለ።

"ቀዳዳ አላት እንዴ? አውቃችሁ ነው የቀደዳችኋት?"

"አውቀን ነው" አለ ተስፋይ። ትከሻው ሳቀ። "በሰም የተነከረ የጥጥ ገመድ ዙሪያውን ተጠቅጥቆባታል። በዚህ ዳዶ፣ በመፍቻ በሚዞረው ብረት፣ ይጠብቃል፣ ይላላል። ግን ስማኝ ይግዛው፤ ሞተሩ ሲሠራ ከዚህ ጠብ፣ ጠብ ማለት አለባት። ያች ጠብታ ናት ብረቱን የምታበርደው። እሷ ከደረቀች አንገቱ ይቃጠላል።"

"እሺ" አለ አባቴ። አፉ እሺ አለ። እጁ ግን መቼ ሰማ!

ሰኔ ገባ። አባይ ቀላ፤ ጠዋት ጠዋት ግንድ ይዞ መውረድ ጀመረ። ተስፋይን ወባ ጣለው፤ ጎጆው ውስጥ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል። አባቴ ብቻውን ጀልባዋን ሲያጸዳ ዋለ። ምሳ ይዤለት ስሄድ በሆዱ ተኝቶ ጆሮውን የጀልባዋ አንገት ላይ ደግኗል፤ ልክ እንደ ስልቻዎቹ። እዚያች ቀዳዳ አፍ ላይ ውሃ ተንጠልጥላ፣ ረዝማ ረዝማ ጠብ አለች። አባቴ ተንቀጠቀጠ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ወባ እሱንም የያዘው መስሎኝ ነበር። መፍቻውን አነሣና ዳዶውን አጠበቀ። ሌላ ጠብታ ስትመጣ ደግሞ አጠበቀ። ሲደርቅለት በነጠላው ጠራርጎ፣ "አሁን ሰው ሆነች" አለ። ደስ ብሎት በልቶ ጨረሰ።

በማግስቱ ተስፋይ ዐይኑ ጎድጉዶ ተነሣ። እህል የጫነ መረባ፣ ግንድ ለግንድ የታሰረ ተንሳፋፊ፣ ከኋላ አስረው ወጡ። ገና ወንዙን ሳያጋምሱ ሽታው እኛ ጋ ደረሰ፤ የጋለ ብረት፣ የተቃጠለ ጥጥ፣ የቀለጠ ሰም። ከጀልባዋ ወለል ሥር ጢስ ወጣ። ተስፋይ ሞተሩን ሲያጠፋ ያ ተቃጥሎ ያለቀ ገመድ ተስፋ ቆረጠና ውሃው ገባ። አባቴ በቅል እየቀዳ ሲደፋ፣ ተስፋይ በቀዘፋ ሲታገል፣ ወንዙ ቁልቁል ወስዶ ወስዶ ደለል ላይ ጣላቸው። ሰው አልተጎዳም። በገመድ እየጎተትን ወደ መሻገሪያው መልሰን አሸዋው ላይ ስናወጣት ቀኑ አለቀ።

ተስፋይ አንገቱን ከፍቶ ከሰል የመሰለ ጥጥ በጣቱ አወጣ። ዳዶውን አየ። አባቴን አየ።

"እኔ ነኝ" አለ አባቴ። "ታፈስ ነበር። አልቻልኩም።"

ተስፋይ ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ መሬት ላይ ቁጭ አለ እንጂ። "ይግዛው፣ የጣሊያኖቹ አለቃ፣ ካፒታኖው፣ ከነገ ወዲያ ከነወታደሮቹ ሊሻገር ይመጣል። ጀልባዋ ካልሄደች ማን አበላሸ ይላል። አንተ አልቻልኩም ብትለው ይገባዋል? አርበኞች ልከውት ነው ይላል።" ከዚያ ወዲያ ያለውን አልጨረሰውም። መጨረስ አላስፈለገውም፤ ቡሬ ገበያ ዳር ሰው ተሰቅሎ ከዋለ ገና ወር አልሞላውም ነበር። ተጠባባቂ ገመድ የለም፤ ከምጽዋ እስኪመጣ ክረምቱ ይወጣል።

አባቴ ይጥፋ፣ በረሃ ይግባ ተባለ። "እኔ ብሄድ እህቴንና ልጄን ነው የሚይዙ" አለ። እኔ ነጠላውን ይዤ አልለቅም አልኩ።

ተስፋይ የተረፈውን የገመድ ቁራጭ በጣቱ እያፍተለተለ ነበር። ድንገት ቀና አለ። "ጥጥና ሰም" አለ። "ጥጥና ሰም እኮ ነው። እዚህ አገር ጧፍ የሚሠራ ማነው?"

አባቴ ፊቱን አዞረ። የሚሠራውን ያውቃላ! የሰኔ ሚካኤል ሊደርስ የቀናት ዕድሜ ነው የቀረው፤ እማሆይ ዓመቱን ሙሉ ፈትለው፣ ሰሙን በሞቀ ድስት ነክረው፣ ለታቦቱ በዓል ያዘጋጁት ጧፍ ከቤታችን ምሰሶ ላይ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል። እኔ እንኳ በእጄ እንድነካው አይፈቀድልኝም ነበር።

አባቴ ወደ ቤት ሄዶ ደጃፉ ላይ ቆሞ ለእማሆይ ነገራቸው። እማሆይ ዳዊታቸውን አጠፉ።

"ምን አልክ አንተ? የሚካኤልን መብራት ለጠላት ሞተር? ያንን ሲኦል የመሰለ ጩኸታም በታቦት ጧፍ ላስጊጠው?"

"እትዬ፣ እኔ አልለመንኩዎም። ተስፋይ ንገራቸው ብሎኝ ነው።"

"ዝም በል!"

እማሆይ ፊታቸውን ወደ ምሰሶው አዙረው ቆሙ። እኔ ጥግ ላይ ተኮማትሬ፣ እማሆይ እምቢ ካሉ አባቴ ይሞታል፣ እሺ ካሉ ሚካኤል ይቆጣል፣ የቱ ይሻለኛል እያልኩ አለቅሳለሁ። ከአባቴ ሚካኤልን መርጬ አላውቅም፤ ያን ቀንም አልመረጥኩም፤ ግን ፈራሁ።

ከዚያ እማሆይ ለራሳቸው ይመስል ማውራት ጀመሩ። "ሚካኤል በበዓሉ ቀን ምን ሲያደርግ ይውላል? ከእሳት ባሕር ነፍስ ሲያወጣ አይደለም? ሲያሻግር አይደለም እንዴ የሚውለው?" ወደ አባቴ ዞሩ። "ታዲያ የአሻጋሪ መብራት አሻጋሪ ቢያወጣ ምን ይለኛል!" ብለው በቆባቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉና ጨርቁን ከምሰሶው ፈቱ። "ግን ያ ሰውዬ በእጁ አይነካብኝም። ራሴ ነኝ የምገምደው።"

ወረዱ። እማሆይ ጀልባ ውስጥ! ወለሉ ተከፍቶ አንገቱ አጠገብ ተንበርክከው፣ ጧፉን በሙሉ አሥር አሥሩን አጣምረው እንደ ሹሩባ ጎነጎኑት። ተስፋይ ብረቱ ላይ እየለካ ያሳያቸዋል፤ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ በብረቱ ዙሪያ ቀለበት እያደረገ፣ ጫፉን አግድም እየቆረጠ፣ የአንዱ መጋጠሚያ በሌላው ላይ እንዳይውል እያዟዟረ በእንጨት ይጠቀጥቃል። ሞራ ቀባ እናድርግበት ሲል እማሆይ እጁን መቱት።

"በሐዋርያት ጾም ሞራ አልነካም! ሰሙ ይበቃዋል።"

"ብረት ይጾማል እንዴ እማሆይ?"

"የኔ ጧፍ ይጾማል።"

ተስፋይ ትከሻው እስኪናወጥ ሳቀ። በእነዚያ ቀናት መጀመሪያ ሰው ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

በማግስቱ ለሙከራ ወጣን። ወጣን ነው የምላችሁ፤ እማሆይ "ጧፌ ከሄደ እኔም እሄዳለሁ" አሉ፣ እኔም ቀሚሳቸውን ይዤ ገባሁ። ሞተሩ ሲነሣ ወለሉ በእግሬ በኩል ጥርሴ ድረስ ተንቀጠቀጠ። ተስፋይ አባቴን ከጀልባዋ አንገት አጠገብ አስቀመጠው። መፍቻውን ግን ነጥቆ ራሱ ያዘ። አንገቱን በእጁ ዳሰሰ፤ ሞቋል። ዳዶውን ትንሽ ሲያላላው ውሃ ብቅ አለች፤ ረዘመች፤ ጠብ።

"ታፈሳለች እኮ!" አሉ እማሆይ።

"ታፍስስ እትዬ። ደግ ነው" አለ አባቴ። ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ ተቀምጧል፤ ላብ ከግንባሩ ይወርዳል።

ወንዙን ስናጋምስ ግንዱን አየሁት። የሾላ ግንድ፣ ከነሥሩ፣ ከላይ በኩል በቀይ ውሃው መሐል እየተንከባለለ በቀጥታ ወደምንሄድበት ይመጣል። ሥሩ ላይ እባብ ተጠምጥሟል። ቢመታን አበቃ። ኤሊካውን ቢነካው፣ ጧፍም አያድነን።

ተስፋይ የሞተሩን ትንፋሽ ቀነሰ። ዘንጓን ወደ መሐል አመጣት። እዚያ ላይ ቆመ።

"መልሳት እንጂ!" ብሎ አባቴ ጮኸ። "ኧረ መልሳት!"

ተስፋይ አይሰማም። እጁ ዘንጓ ላይ ነው፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ጀልባዋ በነበራት ግፊት ወደ ግንዱ ትሄዳለች። እማሆይ "ሚካኤል! ሚካኤል!" ይላሉ። እኔ እሱን ብቻ አየዋለሁ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል እጁ አልተንቀጠቀጠም። ሞተሩ ዝግ ከማለቱ የተነሣ ከታች ጠብታዋ ስትወድቅ ተሰማችኝ፤ ጠብ፣ ጠብ። ከዚያ ሳባት።

ጀልባዋ ከሆዷ አጓራች። ውሃው ከሥራችን ተገልብጦ ወደፊት ሮጠ። ወደ ኋላ ሄድን! ግንዱ ከአፍንጫችን ፊት ለፊት አለፈ፤ የሥሩ ጭቃ ፊቴ ላይ ተረጨ፤ እባቡ አንገቱን አንሥቶ አየን። ተስፋይ ወዲያው ዘንጓን ወደ መሐል መልሶ ቅርንጫፉ በሙሉ እስኪያልፍ ኤሊካውን አቆመው። እኔ ሱሪውን ይዤ ነበር፤ መቼ እንደያዝኩት አላውቅም። እንደዚያን ቀን የሰው ልጅ ትልቅ መስሎኝ አያውቅም።

ዳር ስንደርስ እማሆይ፣ "ልጄ፣ ያን ጊዜ ምን ብለህ ነው የጸለይከው?" አሉት።

"መቼ ጸለይኩ እማሆይ? ብረቱ እስኪያርፍ እየቆጠርኩ ነበር።"

እማሆይ ጥቂት አሰቡና፣ "እሱም ያው ነው" አሉት።

ካፒታኖው በቀኑ መጣ። ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ቁመቱ ከአባቴ የሚያንስ ሰው ነበር፤ እኔ ትልቅ ዘንዶ ነበር የጠበቅሁት። ወታደሮቹ ጀልባዋን ሞሉ፤ በቅሎዎቹ መረባው ላይ ቆሙ። አባቴ አንገቱ አጠገብ ተቀምጧል። እማሆይና እኔ ከዳር ሆነን አየናቸው። ጀልባዋ እያነሰች ሄደች። እኔ ጢስ እፈልጋለሁ፤ አፍንጫዬን ቀስሬ የሚቃጠል ጥጥ አሸታለሁ። የናፍጣ ሽታ ብቻ ነው፣ ከሥሩ ደግሞ ስስ የሰም ሽታ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽታ። ጀልባዋ ወንዙን መሐል ለመሐል እያለፈች ሚካኤል ሚካኤል ትሸታለች።

ማዶ ደረሱ። ካፒታኖው ዘሎ ወረደ፤ ዞሮም አላየ። እማሆይ አሸዋው ላይ ቁጭ አሉና በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፍነው ሳቁ። "ጠላትንም ጭምር አሻገርከው አይደል?" አሉ ወደ ሰማይ። "በል እንግዲህ፣ እሱን በኔ ላይ አትቁጠርብኝ።"

የሚካኤል ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ደብዘዝ ብሎ ነበር። ደመና ነው፣ መስኮቱ ጠባብ ነው፣ ጧፉ የሚቆምበት የእንጨት መቅረዝ ባዶውን ቆሟል። ሕዝቡ ያንሾካሹካል። መምሬ በሴቶቹ በር ብቅ ብለው፣ "እማሆይ፣ ኧረ ዘንድሮ ጧፉ የት ደረሰ?" አሉ።

እማሆይ ወጡና ዞረው ከወንዶቹ በር ዳር ቆሞ የነበረውን አባቴን እንደ ልጅ እጁን ያዙት። ከመድረኩ ላይ አድርሰው፣ "ግባ። መቅረዙ ጋ ቁም" አሉት። ከዚያ ወደ መምሬ ዞሩ። "ይኸውልዎ አባቴ። ዘንድሮ ያመጣሁት ይህን ነው።"

መምሬ አባቴን አዩት፤ የጀልባዋን ወሬ ሰምተው ኖሮ አሁን ነገሩ ገባቸው፤ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉና መንገድ ለቀቁለት። አባቴ ከባዶው መቅረዝ አጠገብ ቆመ። እኔ ከሴቶቹ በር አንገቴን አስግጌ አየዋለሁ። ቅዳሴው ሲጀመር ዐይኑ ሞላ፤ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ከጢሙ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ረዘመና ጠብ አለ፣ ደግሞ ጠብ አለ። ያ አንዲት ጠብታ አይቶ የማያልፍ ሰው እጁን ሊያነሣ ሲል አየሁት። መልሶ አወረደው። እስከ ቅዳሴው መጨረሻ ሳይጠርገው ቆመ።